ደጁ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይቆየን

ይድረስ ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት፣
ለስብከተ ወንጌል ክፍል፣
እንዲሁም በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለምንኖር ምእመናን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቤተ ክርስቲያናችንን ደጅ የመዝጊያ ሰዓት ይመለከታል

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

በኅዳር ወር አንድ ረቡዕ ማታ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ደብራችን ሮጥኩ። ሰዓቱ 1 ከ45 ነበር። የሠርክ ጉባኤው ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ምናልባት ሰባኪው አርዝመው ይሆናል፣ ምናልባት ምሕላ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው። ስደርስ አባታችን ዘበኛው ሰንሰለቱን በብረት በሩ ላይ ሁለት ጊዜ አዙረው ቁልፉን እየገጠሙ ነበር። ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና አንድ ዳቦ የያዘውን ፌስታሌን መሬት ላይ አስቀምጬ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እርሳቸውም አዩኝ፣ ፌስታሉንም አዩት፣ ከዚያ በለዘበ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ነገ በጊዜ ነይ» አሉኝ።

ነገም የምደርሰው በዚያው ሰዓት ነው። ከነገ ወዲያም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ እርሳቸው ምን ያድርጉ? ብረቱን ተሳልሜ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩና ትንሽ ቆምኩ። የቆምኩት ለጸሎት ነበር፤ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ያዘ። ከኋላዬ ሰው እየመጣ ነው። ጫማውና ሱሪው እስከ ጉልበቱ በሲሚንቶ የነጣ ወጣት መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ ሦስት ጊዜ አማተበና ሄደ። ከፋብሪካ የሚመለሱ ሁለት ልጃገረዶች መጡ፤ አንዷ ግንባሯን ከበሩ ላይ ሳታነሣ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየች፤ ጓደኛዋ ቦርሳዋን ይዛላት ጠበቀች። ሕፃን ያዘለች እናት መጣች። የኮምፒውተር ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ መጣ። ሙያዬ ሒሳብ ነውና መቁጠር ልማዴ ነው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ 11 ሰው በተዘጋ በር ላይ ተሳልሞ ሄደ። እኔ አሥራ ሁለተኛዋ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በሌሎች ቀናትም ቆሜ አየሁ። አንዳንድ ቀን 8፣ አንዳንድ ቀን 15 እንሆናለን።

አባቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘበኛውን ለመክሰስ አይደለም፤ የታዘዙትን ፈጸሙ። ክስ ከሆነ መጀመሪያ የምከሰው ራሴን ነው፤ ወደዚያም እመጣለሁ። ነገር ግን የደብራችን የአገልግሎት ሰዓት የተቀረጸው የደወሉ ድምፅ በሚደርስበት ውሎ በዚያው ለሚያድር ሕዝብ ነው። እኛ ደግሞ እዚህ የምናድር እንጂ እዚህ የምንውል ሰዎች አይደለንም።

አያቴ የእጅ ሰዓት አስራ አታውቅም። ቤቷ ከደብሩ ቁልቁል ነበረ፤ ደወል ሲደወል ሊጥም ቢሆን ጥጥም ቢሆን ከእጇ ይወርዳል። ወሩን የምትቆጥረው በቅዱሳኑ ነበር፤ በ5 አቦ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። አባቴ መቼ እንደተወለደ ስትጠየቅ፣ «ለሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው» ነበር መልሷ፤ ዓመቱን ለሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ። ለእግዚአብሔር ጊዜ መስጠት የሚባል ነገር የገባት አይመስለኝም። ጊዜውን የእርሱ አድርጋ ነው የተቀበለችው፤ ከእርሱ ላይ ለእርሻውም ለወፍጮውም ትቆርሳለች። እኔ ግን ጊዜውን የመሥሪያ ቤቴ አድርጌ ተቀብዬ ከተረፈ ለእግዚአብሔር አቀርባለሁ። ሊተርፍ ደግሞ አልቻለም።

ይህች አገር ስለ ዕረፍት ቀን ቀላል ክርክር አልተከራከረችም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር ብለው ስንት መከራ ተቀበሉ፤ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያወዛግብ ኖሮ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ለአንዲት ቀን ተሰደው፣ ተወግዘው፣ በመጨረሻ ረቱ። እኔ የዚያች የተረታላትን ቅዳሜ ግማሹን በቢሮ፣ ግማሹን በልብስ አጠባ እጨርሳታለሁ። ሳስበው አንዳንዴ በሳሙናው አረፋ ውስጥ እጄን ይዤ እስቃለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ክስ። በጥቅምት አንዱን ሳምንት ሙሉ ሰዓቴን ልክ እንደ መሥሪያ ቤቴ ጥሬ ገንዘብ በደብተር መዘገብኩት። የሳምንት ሰዓት 168 ነው፤ ለሀብታምም ለድኻም ጭማሪ የለውም። እንቅልፍ 43፤ ሥራ 44፤ መንገድ 21፤ ማጀት፣ እጥበትና የልጆች ነገር 27፤ ለቅሶ፣ እድርና ጥየቃ 6፤ ስልክ 11፤ ጸሎትና ቤተ ክርስቲያን 3። ተደምሮ 155። የቀረው 13 ሰዓት ከፊሉ የምሳ ሰዓት ነው፤ ሌላው የት እንደገባ ደብተሬም እኔም አናውቅም። በእኛ ሙያ ያልተወራረደ ሒሳብ ይባላል። አንድ ገንዘብ ያዥ ይህን ያህል ጉድለት ይዞ ቢመጣ ፊቴን አጥቁሬ ነው የምመልሰው።

ከሦስቱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሩብ የእሑድ ቅዳሴ ነው፤ እሱም ወንጌል ሊነበብ ሲል ደርሼ። ለቀሩት ስድስት ቀናት የተረፈው 45 ደቂቃ ነው። ስልኩን ግን 11 ሰዓት ይዤዋለሁ። ቁጥሩን የሰጠኝ ስልኩ ራሱ ነው፤ ባለቤቱን ያለ ሐፍረት ያጋልጣል። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ «አንዴ ልየው» ብዬ እጀምርና ባትሪው 9 በመቶ ሲደርስ ነው የምነቃው። ደክሞኛልና አልጸልይም ያልኩት በዚያው ምሽት ነው። ድካሜ እውነት ነው፤ ስልኩን ሲያይ የነበረው ዓይን ግን የማን ነበር?

ከደመወዜ አሥራት አወጣለሁ፤ ደረሰኞቹንም በዓመተ ምሕረት ለይቼ አስቀምጣለሁ። ከሰዓት አሥራት ይውጣ የሚል ሥርዓት እንደሌለ አውቃለሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ጨዋታ በሉት እንጂ የ168 ሰዓት አሥራት 16 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። የሰጠሁት 3 ነውና ዕዳዬ 13 ሰዓት ከ48። የጠፋብኝ ሰዓት 13 መሆኑን ሳይ ደብተሩን ዘጋሁት።

መንገዱ ግን የእኔ ጥፋት አይደለም፤ እዚህ ላይ እከራከራለሁ። ከበረንዳዬ ላይ ወደ አዳማ የሚወስደው የፈጣን መንገድ መግቢያ ይታየኛል። መኪኖቹ እየከፈሉ ሽው ይላሉ። እኛ ከ12 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ለታክሲ ተሰልፈን እናያቸዋለን። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፤ ሐዲዱ ግን ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከቃሊቲ ወዲህ ያለው የየራሳችን ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በላይ።

ስለዚህ ጸሎቴን ታክሲ ውስጥ አደረግኩት። ላስቲክ የለበሰች፣ ጠርዟ የተበላ የጸሎት መጽሐፍ አለችኝ። ሹፌሩ ጀርባ ሞተሩ ላይ ከተቀመጥኩ ጉልበቴ ይሞቃል፤ ግን ከመስተዋቱ ትንሽ ብርሃን ይገኛል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ስጀምር ረዳቱ፣ «እናት፣ ጠጋ በይ፣ ሦስተኛ ሰው አለ» ይላል። እጠጋለሁ፤ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሬዲዮው ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ ያወራል። ቃሊቲ ስንደርስ ብዙውን ጊዜ ጨርሼያለሁ፤ አንዳንዴ ግን አፌ ይጨርሳል እንጂ ልቤ ገና ቱሉ ዲምቱ ሰልፉ ላይ ነው።

ይህ ጸሎት ይባላል ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «የመንገዱን አትተዪ» አሉኝ፤ «ግን ቤትሽ ቆመሽ የምትጸልዪውን አይተካልሽም።» ከባድ ቃል መስሎኝ ትንሽ አኮረፍኩ። ቀለል ያለ ነገር እንዲሉኝ ነበር የጠየቅኩት፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ኩርፊያዬን ያስወጣልኝ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት «ወላጆቻችሁ መቼ ይጸልያሉ?» ተብለው ተጠይቀው ኖሮ ማታ መጥቶ፣ «እማዬ፣ አንቺ መቼ ነው የምትጸልዪው? አይቼሽ አላውቅም» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ነው ልል አልኩና ተውኩት። ለዚህ ልጅ ምግቡን፣ ደብተሩን፣ የክፍያ ደረሰኙን ስሰጠው አይቶኛል፤ ክርስቲያን ስሆን ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ርቄ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሙስሊም የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ከምሳ በኋላ በካርቶኖቹ መካከል ምንጣፉን ይዘረጋል፤ ሰግዶ ይነሣል፤ ካልሲውን አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ይቅርታ አይጠይቅም፣ አይደበቅም፣ አለቃችንም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም። በመጀመሪያ እንዴት ደፈረ ብዬ ነበር። በኋላ ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት ጊዜ እንድንጸልይ ማዘዟ ትዝ አለኝ፤ በነግህ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሠርክ፣ በመኝታና በመንፈቀ ሌሊት። ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው፤ ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፤ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት። ሦስቱም በሥራ ሰዓቴ ውስጥ ናቸው። በዘጠኝ ሰዓት እኔ የት ነኝ? ማኪያቶ ጋ። በጾም ደግሞ የጾም ማኪያቶ ጋ።

ከየካቲት ጀምሮ በዘጠኝ ሰዓት ከወንበሬ ተነሥቼ በመስኮቱ በኩል ወደ ምሥራቅ ዞሬ አንድ ጊዜ «አባታችን ሆይ» እደግማለሁ። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንድ ቀን አይቶኝ ምንም ሳይል በሩን በቀስታ መለስ አደረገልኝ።

አሁን አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር፤ እኅቶቼም ራሳችሁን ታዩበት ይሆናል። በ21 የጽዋ ማኅበር አለን። ባለፈው ዓመት ተራው የእኔ ነበር። ጠላው ከሁለት ሳምንት በፊት ተጀመረ። ዳቦው በዋዜማው ተጋገረ። ከማኅበርተኛ ማነስ አይገባም ብዬ አዲስ ብርጭቆ ገዛሁ፤ መጋረጃም አጠብኩ። ካህኑ መጥተው ጸሎት ሲጀምሩ እኔ ማጀት ውስጥ አዝሙዱ ሽሮው ላይ ይግባ አይግባ ከጎረቤቴ ጋር እየተከራከርኩ ነበር። «ጸበል ጻዲቁ ይቅረብ» የሚል ድምፅ ስሰማ ጸሎቱ አልቋል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ተራዬ፣ በእመቤታችን ስም በተጠራ ጉባኤ ላይ አንድ «አሜን» አላልኩም። ማርታን ጌታ «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ» ያላት እኮ ለእርሱ ምሳ ስታዘጋጅ ነው! ሽሮው ግን ጣፍጦ ነበር፤ ሁሉም መስክረውልኛል።

በዚህ ዓመት ተራው የደረሳት እኅት ሽሮና ዳቦ ብቻ አቅርባ ትርፉን ሰዓት የዕለቱን ስንክሳር አስነበበችን። አንዳንዶቻችን በደረጃው ስንወርድ አማናት። እኔም ከሐሜተኞቹ አንዷ ነበርኩ።

ለጎረቤቶቼም አንድ ቃል አለኝ። የብሎካችን ኮሚቴ ስብሰባውን ዘወትር እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጠራል፤ እድሩም እንዲሁ። የውኃ ታንከር፣ የደረጃ መብራት፣ የጥበቃ ደመወዝ፤ ሁሉም አስፈላጊ ነው፣ የቀረ ደግሞ ይቀጣል። የሚቀጣው ቅዳሴ የሄደው ነው። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችንም በዚያ ሰዓት አምልኮ ላይ ናቸው። ታዲያ ስብሰባው ላይ የሚገኘው ማን ነው? ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ቢሆን ሁሉም ይመጣል። ይህን ባለፈው ስብሰባ ላይ ማንሳት ነበረብኝ፤ ግን ቅዳሴ ላይ ነበርኩ።

አሠሪዎችንም ልለፋቸው አልችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛውም በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቆጠራው እሑድን ይበላል፤ ይህን ሁሉም የሒሳብ ሠራተኛ ያውቀዋል። ጊዜው ጾመ ሐዋርያት ነው፤ እኛ ሚስማርና ቀለም እንቆጥራለን። ለትርፍ ሰዓቱ ይከፈለናል፤ ለዚያ ቅሬታ የለኝም። ግን ለሁለት ተከታታይ ዓመት በሰኔ ወር አንድም እሑድ አላስቀደስኩም። አለቃዬን አንድም ቀን «ቆጠራው ቅዳሜና ሰኞ ይሁን» ብዬ አልጠየቅኩትም። ቢጠየቅ እምቢ ይል እንደ ነበር እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ዘንድሮ እጠይቀዋለሁ።

አባቶቼ፣ እናንተንም ልወቅስ ነው፤ በአባትነታችሁ ታገሡኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ለብዙዎቻችን የሳምንቱ ብቸኛ ስንቅ ነው። በዚያች ሰዓት ላይ ትምህርቱ ሃያ ደቂቃ፣ የሕንፃው ገቢ ማሰባሰቢያ አርባ ደቂቃ የሆነበትን ቀን በሰዓቴ ይዣለሁ። ሕንፃው ያስፈልጋል፤ ግድግዳው ሲቆም እኔም እልል ብያለሁ። ነገር ግን የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፋችሁት የለ? አንብበን እንከፍላለን። ወንጌሉን ግን ከሰሌዳ ላይ አናገኘውም።

የቅዳሴው ሰዓት ይለወጥ አላልኩም፤ እንደዚያ የሚል ሰው ቢመጣም አልተባበርም። በዐቢይ ጾም የዘወትሩ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ የሚሆነው ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲቆይ ነው፤ ሥርዓቱ ምክንያት አለው። ተቀጣሪ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ሊገኝ ባይችል የሥርዓቱ ጉድለት አይደለም። እኔ የምለምነው ከሥርዓቱ ውጭ ስላለችው ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ሰንሰለቱ።

ደጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይከፈትልን። ገብተን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመን የየራሳችንን አድርሰን እንውጣ። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልን፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ፣ አባታችን ሆይ፣ በቃ። ስብከት አልጠየቅንም፤ ድምፅ ማጉያም አያስፈልግም፤ ጎረቤት የሚያስተኛው ልጅና የሚያስታምመው በሽተኛ አለው። ግማሽ ሰዓት ያልኩት ደክሞን ስለምንመጣ ነው። ሁለት ሰዓት ብትሉን ሁለት ሳምንት መጥተን እንቀራለን፤ ራሳችንን እናውቃለን።

ሰሞነኛው ካህን ሌሊት ለሰዓታትና ለኪዳን የሚነሣ መሆኑን እናውቃለን። ከአገልጋዮቻችን መካከል እንደ እኛው ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ደመወዛቸውም ምን ያህል እንደሆነ የሰበካ ጉባኤውን ዓመታዊ ሪፖርት ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ማንም ካህን ተጨማሪ ሌሊት አይጫንበት። ለማንበብ አንድ ዲያቆን ይበቃል፤ ዲያቆኑም ካልተመቸው ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ፊደል የለየ ይበቃል።

የጥበቃውን ነገርም አስቤበታለሁ። ባለፈው ክረምት ከግቢው ዕቃ ተሰርቋል፤ ደጁ በጊዜ እንዲዘጋ የተወሰነውም ከዚያ በኋላ ነው። ሥጋቱ እውነት ነው። መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ ከወንዙ በኩል ጅብ ይጮኻል፤ ይህም ከተማ ተብሎ ተቆጥሯል። ለዚህ ከብሎካችንና ከአጎራባቹ ብሎክ ሰባት አባወራዎችን አነጋግሬ በየምሽቱ ሁለት ሁለት ሆነው ከዘበኛው ጋር እስከ 3 ሰዓት ለመቆየት ተስማምተዋል። ተራቸውን ጽፌ ፈርመውበታል። አንደኛው፣ «ቤት ሆኜ ያው ቴሌቪዥን ነው የማየው» አለኝ። ፊርማው ከሁሉም ይበልጣል፤ የወረቀቱን ሩብ ይዞታል።

ደግሞ አንድ ትንሽ ልመና። የንስሐ አባቶቻችንን የምናገኛቸው በስልክ ወይም ለጥምቀት ጠበል ሲረጩልን ነው። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ አንድ አባት፣ በተራ፣ ከዋርካው ሥር ቢቀመጡ እኛ እንመጣለን። ማን መቼ እንደሚቀመጥ ከሒሳብ ቁጥሩ ጎን ይለጠፍ።

ምላሻችሁን በጽሑፍ አልጠብቅም። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ከሚመጣው ረቡዕ ጀምሮ ግን ከ1 ሰዓት ከ45 ላይ በደጁ እንገኛለን፤ ክፍት ከሆነ ገብተን፣ ዝግ ከሆነ በውጭ ቆመን የረቡዕን ውዳሴ ማርያም እናነባለን። ልጄም ይመጣል፤ የመጽሐፏ ፊደል በምሽት ስለማይታየኝ የሚያነብልኝ እርሱ ነው። የእጅ ባትሪም ይይዛል።

የበሩ መብራት በየምሽቱ ለሁለት ሰዓት ተጨማሪ ቢበራ በወር የሚያስከትለውን ወጪ አስልቼ አያይዣለሁ። ያቺን ከእኔ ተቀበሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የደብራችሁ ምእመን
ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

አባሪ፦ የመብራት ወጪ ስሌት 1 ገጽ፤ የጥበቃ ተራ ዝርዝር ከነፊርማው 1 ገጽ

ግልባጭ፦
ለብሎካችን ኮሚቴ
ለእድራችን ጸሐፊ
ለአባታችን ዘበኛው፤ ማንበብ ዓይናቸውን ስለሚያደክማቸው እኔው ሄጄ አነብላቸዋለሁ